መርዶ ስንት ጊዜ ይነገራል?

አዘዞ ለብዙ ሰው የመንገድ ስም ነው። ከአውሮፕላን የወረደው ቱሪስት ፋሲልን ለማየት ይከንፍበታል፤ ወደ መተማ የሚሄደው ሹፌር መታጠፊያው እንዳያልፈው ይጠነቀቅበታል፤ ታሪክ የሚወድ ከተገኘ ደግሞ “አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲያርፉም የተቀበሩት እዚህ ነው” ብሎ ያልፋል። ለእኛ ግን አዘዞ ማለት አያታችን ናት። እናላችሁ፣ ዛሬ ስለ እሷ ልናወራችሁ ነው። ስሟን አንነግራችሁም። እኛ እምዬ ነው የምንላት፤ እናንተም እምዬ በሏት።

“እኛ” ስንል ራሳችንን እንደ ንጉሥ ያበዛን እንዳይመስላችሁ። የምር ብዙ ነን፦ እናታችን፣ ሦስት እህትማማቾች፣ እንዲሁም ከባሕር ማዶ በየወሩ ብር እየላከ በየሳምንቱ “እንዴት ናት?” የሚል አንድ ወንድም። ከሦስታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ፣ አዲስ አበባ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ ሥራው አላገኛት ሲል ወደ ቤቷ የተመለሰች ናት። ይህን የምትተይበውም እሷው ናት። ነገር ግን የቤቱ ጉዳይ የጋራ፣ ጥፋቱም የጋራ ስለሆነ “እኔ” ብላ ብትጽፍ ሌሎቻችን እንቆጣለን።

ነገሩ የጀመረው በጨው ነው። እምዬ በወጥ የተመሰከረላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሽሮው ጨው በዛበት፤ ሳቅን። በሳምንቱ ጭራሽ ጨው የለውም፤ አሁንም ሳቅን። ከዚያ ከመቀነቷ ገንዘብ ጠፋ ተብሎ ጎረቤት ተጠረጠረ (ገንዘቡ በኋላ ከጤፍ ጆንያ ውስጥ ተገኘ፤ ይቅርታው ግን ብዙ ቡና አስፈልቷል)። ከዚያ የበዓል ቀን ተምታታባት። ከዚያ ቡናው ከአንደኛው እስከ በረካው እስኪደርስ አንዱን ጥያቄ ሰባት ጊዜ ጠየቀች። “ጃጀች” አለ ሠፈሩ። ጃጀች! ሦስት ፊደል፤ መዝገቡም ተዘጋ።

ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት። የተቀበለን ባለሙያ ዕድሜዋን ጠየቀ። የጠየቀው እሷን ሳይሆን እኛን ነው። ነገርነው። “እርጅና ነው፤ ውሰዷት” አለን። እምዬ አጠገባችን ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ስንወጣ “ምን አለ ሰውየው?” አለችን። “ምንም አላለ” አልናት። እውነታችንን ነበር። ምንም አላለም።

እርጅና አይደለም

ጋዜጠኝነት ከተማሩ በኋላ ሥራ ማጣት አንድ ጥቅም አለው፤ ለማንበብ ጊዜ ይተርፋል። ስናነብ ያገኘነው የመጀመሪያው ነገር ያ ባለሙያ መሳሳቱን ነው። ዕድሜ ሲገፋ አደጋው ይጨምራል እንጂ፣ በእኛ አገር “የመርሳት በሽታ” የሚባለው ነገር የእርጅና የተፈጥሮ ምዕራፍ አይደለም። የአንጎል በሽታ ነው። ደግሞ አንድ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሕመሞች የሚያመጡት የጋራ ምልክት ነው። ከሁሉም የሚበዛው፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚይዘው አልዛይመር ነው። ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ሐኪሙ የአንዲት ታካሚውን ታሪክና የአንጎሏን ምርመራ ለባልደረቦቹ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ሰው ይታመማል። “የፈረንጅ በሽታ ነው” ለምትሉ ደግሞ፣ ከታማሚዎቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፈረንጅ ስም አወጣለት እንጂ በሽታውን ለብቻው አልያዘውም።

ሁለተኛ ያወቅነው ነገር ደግሞ ያንን “ውሰዷት” ይበልጥ አስቆጣን። የመርሳት በሽታ የሚመስሉ፣ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ ሁሉም ሰውን ዝንጉ ያደርጋሉ። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ከሆነ ደግሞ፣ ከሽንት ወይም ከሳንባ ኢንፌክሽን ሊመጣ ስለሚችል ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ “ጃጅቷል” ከማለት በፊት መመርመር ግድ ነው። እኛም ሌላ ቦታ ወስደን አስመረመርናት። ደሟ ታየ፣ ጆሮዋ ታየ፣ ዓይኗ ታየ። አንዱ ዓይኗ ሞራ እንዳለበት ያወቅነው ያኔ ነው። ጥላ አይታ “ሰው አለ” የምትለው ሁሉ ከአንጎሏ ብቻ አልነበረም! ሞራው ተነሣ፤ ጥላውም ቀነሰ። መርሳቱ ግን አልቀነሰም። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ፣ ዓይን ለዓይን እያየቻት፣ ለራሷ ለእምዬ ነገረቻት። “እማማ፣ የሚያስረሳ ሕመም ነው ያለብዎት። የሚያድን መድኃኒት የለንም። ልጆችዎ ግን አሉ።” እምዬ ራሷን ነቀነቀች። “ልጆችስ አሉኝ” አለች።

እኛ ልጆቿ ግን በዚያን ጊዜ ምን እያደረግን እንደነበር ሐኪሟ አታውቅም።

በ11 ሰዓት

እምዬ በየቀኑ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ትነሣለች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር እሷ መንቆራጠጥ ትጀምራለች። ፀጉሯን በሻሽ ታስራለች፣ አምባሯን ታጠልቃለች፣ ነጠላዋን ትደርባለች፣ በር ላይ ትቆማለች። “ወዴት ነሽ እምዬ?” ስንላት “ቤቴ ልሂድ” ትላለች። ቤቷ ያለው ከኋላዋ ነው። “ቤትሽ ይሄ ነዋ!” እንላለን። “አይደለም” ትላለች። እንከራከራለን። ሦስት የተማሩ ሴት ልጆች በአንዲት የታመመች አሮጊት ላይ ክርክር ለማሸነፍ ተሰልፈን… ስናስበው አሁን ያሳፍረናል። አንድ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ አምባሯን ሲያይ “ሲያረጁ አምባር ይዋጁ” አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እምዬም አብራን ሳቀች፤ ለምን እንደሳቅን ሳታውቅ።

ከሁሉ የከፋው ግን “ልጄ ዘገየሳ?” የምትለው ጥያቄ ነበር።

ልጇ የእናታችን ታላቅ ወንድም ነው። ወታደር ነበር። አዘዞ ጦር ሰፈር ውስጥ ቆይቶ ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ፤ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው በ1983 ዓ.ም. ነው። ማናችንም እህትማማቾች አልተወለድንም ነበር፤ እናታችን ግን ያንን ቀን እስከ ዛሬ እንደ ትናንት ትናገረዋለች። እና እምዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ “ልጄ ዘገየሳ?” ስትል፣ እናታችን “እማዬ፣ ሞቷል እኮ! ረሳሽው?” ትላታለች። እኛም ተከትለን “ሞቷል እኮ እምዬ” እንላለን። እውነት ነዋ! እውነት መናገር ምን ኃጢአት አለው?

እምዬ ግን በየጊዜው የምትሰማው እንደ አዲስ ነው። ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ደረቷን ትመታለች። “መቼ? ማን ነገራችሁ? ለምን አልነገራችሁኝም?” ትላለች። ግማሽ ሰዓት አልቅሳ ትደክማለች፤ ትተኛለች፤ በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ አምባሯን ታጠልቃለች። “ልጄ ዘገየሳ?”

አንድ ማታ ይህንኑ ስናደርግ ጎረቤታችን፣ የእምዬ የእድርና የቡና ጓደኛ፣ ለቅሶውን ሰምታ ደንግጣ ገባች። ማን ሞተ ብላ ነው። ነገሩን አስረዳናት። ቆማ አየችን።

“እናንት ልጆች፣ መርዶ ስንት ጊዜ ነው የሚነገር?”

ዝም አልን። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ተመርጦ፣ ሰውየው ድንጋጤ እንዳይጥለው ተጠንቅቆ፣ አንድ ጊዜ ይነገራል። አንድ ጊዜ! እኛ ግን ለአንዲት እናት የአንድ ልጇን መርዶ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ወጥ እያማሰልን፣ ስልክ እየነካካን ስንነግራት ከርመናል።

“ግን ትረሳዋለች እኮ” አለች ታናሻችን፣ ለመከላከል ያህል። እሱም መልስ አለው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አልዛይመር ያለባቸውን ሰዎች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁራጮች አሳይተው ነበር። ሰዎቹ ያዩትን ወዲያው ረሱት። ኀዘኑና ደስታው ግን ፊልሙ ከተረሳ በኋላም አብሯቸው ቆየ። በሌላ አነጋገር፣ እምዬ መርዶውን ትረሳለች፤ ኀዘኑ ግን ውስጧ ይቀራል። ለምን እንደከፋት ሳታውቅ ሌሊቱን ሙሉ ይከፋታል። እኛ ደግሞ “ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?” እያልን እንጠያየቅ ነበር።

በሩን የቆለፍን ቀን

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ጠፋች። ለአሥር ደቂቃ ያህል ዓይናችንን ነቅለን ነበር። ሠፈሩ ወጣ፤ ባትሪ ተይዞ ቦይ ለቦይ ተፈለገ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ልጅ ይዟት መጣ። መተማ መታጠፊያው አካባቢ ቆማ አግኝቷት “እማማ፣ ወዴት ነዎት?” ብሎ ጠየቃት። እሷም የሠፈራችንን የድሮ ስም ነገረችው። ልጁ ስሙን ከአያቱ ሰምቶት ስለነበር አወቀው። ገንዘብ ስንሰጠው እምቢ አለ። “የሚነግሩኝ ታሪክ ጥሩ ነበር” አለ እየሳቀ።

በማግስቱ በሩን ቆለፍን። ቁልፉን እናታችን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። እምዬ 11 ሰዓት ላይ በሩን ስትገፋ፣ ስታንኳኳ፣ ከውስጥ ሆና የውጭ ሰው ስትጣራ እንሰማለን። ደኅንነቷን ጠበቅን ብለን ነበር። ቤቷን እስር ቤት ያደረግነው ግን እኛው ነን።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው ቶም ኪትውድ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር የተዋወቅነው (በመጽሐፍ ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1998 አርፏል)። ኪትውድ በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ በመንከባከቢያ ቤቶች እየተቀመጠ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚያዳክማቸው የአንጎላቸው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የምንይዛቸው አያያዝም ነው። የሚጎዱ አያያዞችን 17 አድርጎ ዘረዘራቸው። ማታለል። እንደ ሕፃን መቁጠር። ማስፈራራት። ስም መለጠፍ። ማጣደፍ። ሰውየው ባለበት እንደሌለ አድርጎ ማውራት። መሳለቅ… ዝርዝሩን ስናነብ የቤታችንን ማስታወሻ ደብተር የምናነብ መሰለን። ጃጀች፤ ስም መለጠፍ። አምባሩ፤ መሳለቅ። “ውሰዷት”፤ እንደሌለች ማውራት። ኪትውድ ግን አንድ ነገር ጨምሯል፤ ይህን የሚያደርጉት ሰዎች አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም። ይህ ትንሽ አጽናናን። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ደግሞ ሰው የሚያስፈልገውን በአበባ አምሳል ሣለው። በአበባው መካከል ፍቅር አለ፤ ዙሪያውን አምስት ቅጠሎች አሉ፦ መጽናናት፣ ከሰው ጋር መቆራኘት፣ ከሌሎች ጋር መካተት፣ የሚሠሩት ሥራ፣ እና ማንነት። በሽታው ከመምጣቱ በፊት ሰው የነበረው ሰው፣ በሽታው ከመጣም በኋላ ሰው ነው፤ እንክብካቤውም ከእሱ ታሪክ ይጀምራል ነው ነገሩ። ዛሬ ዓለም “ሰውን ማእከል ያደረገ እንክብካቤ” የሚለው የዚህ ልጅ ነው።

እኛም ጠየቅን፤ የእምዬ 11 ሰዓት ምንድን ነው?

የጠላ ቤቷ ሰዓት

ጋዜጠኛዋ በመጨረሻ ሥራ አገኘች! ደብተር ይዛ እናታችንን ጠየቀች፣ ጎረቤቶችን ጠየቀች፣ ከሁሉም በላይ ራሷን እምዬን ጠየቀች። መልሱ እኮ አፍንጫችን ሥር ነበር። እምዬ በደርግ ጊዜ ጠላ ቤት ነበራት። ወታደሮቹ ከጦር ሰፈሩ የሚወጡት ወደ 11 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት እምዬ ፀጉሯን አስራ፣ አምባሯን አጥልቃ፣ ነጠላዋን ደርባ በሯ ላይ ትቆምና እንግዳ ትቀበላለች። ልጇም ከጓደኞቹ ጋር የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነበር። ጠላ ቤቱ አሁን የምንኖርበት ቤት አይደለም፤ ወደ መታጠፊያው ወረድ ብሎ ነበር። አሁን ፈርሷል።

“ቤቴ ልሂድ” ስትል ልክ ነበረች። ሥራ ሰዓቷ ደርሶ እኛ ዘግተንባት ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ሳይንሱም ያስረዳል። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንመዘግብበትን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ የዛሬ ቁርስ ይጠፋል፤ የሠላሳ ዓመቱ ይቆያል። እጅ የለመደው ሥራ ደግሞ የሚቀመጠው በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይዘገያል። ይህን ያመንነው በጥጥ ነው። እናታችን ከሣጥን ሥር የእምዬን እንዝርት አወጣች። ጥጥ ገዛን፤ ጎረቤታችን አባዝታ አመልማሎውን ሠራችልን። እምዬ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሾረችው። ክሩ ቀጥ ብሎ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ሳይበጠስ ወጣ። ስማችንን የማታስታውስ ሴት! ከእኛ ሦስታችን አንዳችንም ክር ማውጣት አልቻልንም፤ ሞክረን በጠስነው፤ ሳቀችብን። ይህንን ሳቅ ግን ወደድነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በእኛ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው እሷ፣ የማናውቀው እኛ ሆንን።

አሁን 11 ሰዓት ሲሆን በሩ ይከፈታል። እምዬ ትለብሳለች፤ እኛም እንለብሳለን። ደጃፍ ላይ በርጩማ እናወጣለን። ጥጧን ይዛ ትቀመጣለች፤ የሚያልፈውን ሰው “ግቡ” ትላለች፤ የሚያልፈውም ሰው “እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ቀን” ይላታል። አንዳንዱ የምር ይገባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ክንዳችንን ይዛ እስከ ፈረሰው ጠላ ቤት ድረስ እንወርዳለን፤ ቆማ ታያለች፤ “ዘግተውታል” ትላለች፤ እንመለሳለን።

ውሸቱስ?

እዚህ ላይ ቤታችን ተጣላ። “ልጄ ዘገየሳ?” ስትል ምን እንበላት? ታናሻችን “‘ይመጣል’ በሏት፤ ምን አለበት?” አለች። እናታችን ተቆጣች። “በልጇ እንዋሽ? እሱን በሞቱ እናቃልለው?” አለች። ልብ በሉ፣ እናታችን የምትከላከለው እውነትን ብቻ አይደለም፤ ወንድሟን ነው። የሞተው ለእሷም ነው። እምዬ በረሳችው ቁጥር እናታችን ብቻዋን የምታዝን ይመስላታል። ይህን ያወቅነው ስትነግረን አይደለም፤ አንድ ማታ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ነው።

ኪትውድም ቢሆን ማታለልን ከጎጂዎቹ ቆጥሮታል። ስለዚህ መርዶም ውሸትም ያልሆነ ሦስተኛ መንገድ ፈለግን። አሁን እምዬ “ልጄ ዘገየሳ?” ስትል “ናፈቀሽ እምዬ?” እንላታለን። “ናፈቀኝ” ትላለች። “ምን ይወድ ነበር?” እንላለን። ትነግረናለች። በልጅነቱ ከእንስራ ሥር ተደብቆ ጉሽ ጠጥቶ የሰከረበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ደመወዙን አምጥቶ ጭኗ ላይ የዘረገፈበትን ቀን። እናታችንም ከጓዳ ወጥታ ትቀመጣለች፤ የጎደለውን ትሞላለች። እኛ ያልደረስንበትን አጎት በዚህ ዓመት ነው ያወቅነው። ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንዴ እምዬ ፊታችንን አይታ “ሞቷል አይደል?” ትላለች፤ በራሷ። ያኔ አንዋሽም። “አዎ እምዬ” እንላለን፤ እጇን እንይዛለን፤ አብረናት እናለቅሳለን። ብቻዋን ግን አታለቅስም።

እንግዲህ ለእናንተ

“እኛ ሐበሾች አዛውንት እናከብራለን” የሚል ዲስኩር እንዳትጀምሩብን እንለምናለን። እናከብራለን፤ እንቆልፋለንም። ሁለቱም እኛው ነን። ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ አምስተርዳም አጠገብ፣ ዌስፕ በምትባል ከተማ ሆግቬይክ የሚባል መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ነው። የሚኖሩበት የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሱቅ አለው፣ ምግብ ቤት አለው፣ አደባባይ አለው፤ ሰዎቹ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ፈረንጆቹ ብዙ ገንዘብ አውጥተው የገነቡት ሠፈርን ነው። ሠፈሩ እኛ ዘንድ ሳይገነባ አለ። የባጃጁ ልጅ አለ፤ “ሌላ ቀን” የሚለው መንገደኛ አለ፤ እምዬ ሁለቴ ስትከፍለው አንዱን የሚመልስ ባለሱቅ አለ። የጎደለው ለእነዚህ ሰዎች “እምዬ ታማለች፤ እንዲህ ብታያችሁ እንዲህ አድርጉ” ብሎ መናገር ነበር። እኛ እንዳናፍር ብለን ደብቀናት ነበር። የነገርናቸው ዕለት ተሸከሙልን።

ሠፈር ግን ሁሉን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው የሚንከባከብ ቤተሰብ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያውላል፤ ከእንክብካቤው ሰዓትም 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። በእኛ ቤት መቶ በመቶ ነው። ወንድማችን ይህን ሲያነብ እንዳይቀየመን፤ ብሩ ለሐኪሙም ለጥጡም ሆኗል። አሁን ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ 11 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እየደወለ እሱ ነው የሚያጫውታት። አጎታችን ነው ብላ ታስባለች አንዳንዴ። እሱም “ናፈቅሽኝ” ይላታል። ውሸት አይደለም።

ልጅ የሌለውስ? አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ጎዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያነሣል፤ አምላክ ይስጠው። ነገር ግን የአንድ አገር አዛውንት በአንድ ግቢ አያልቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚንከባከብ ጽፏል። እኛ የምንጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። የሚቀበለው ባለሙያ “ውሰዷት” ከማለቱ በፊት ወንበሩን አስጠግቶ “እማማ፣ እንዴት ነዎት?” እንዲል ነው።

እናንተ ደግሞ፣ ገና አያታችሁ ስማችሁን የምታውቁ… ጠይቁ። ዛሬ ጠይቁ። ምን ሥራ ትሠራ ነበር? በስንት ሰዓት? ማንን ትጠብቅ ነበር? ጻፉት። አንድ ቀን እሷ ስትረሳው የምታስታውሱላት እናንተ ናችሁ። አትከራከሩ፤ ስሜቱን ተከተሉ። ከፊት ለፊት ሆናችሁ፣ በአጭሩ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩ። ሥራ ስጡ፤ ክሩ ቢበጠስም ይበጠስ። የሚንከባከበውንም ሰው አሳርፉ፤ እናታችን ቁልፉን ከአንገቷ ካወረደች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች።

በቀደም ለት ሦስታችንም ከከተማ ተመልሰን ስንደርስ እምዬ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ትኩር ብላ አየችን።

“የማን ልጆች ናችሁ?” አለች።

“ያንቺ” አልናት።

“የኔ?” አንድ በአንድ አየችን። “እንግዲያ ምን ትገተራላችሁ? ግቡና ቡና አፍሉ።”

ገባን። አፈላን።

ቸር እንሰንብት።